ዓመት ያልሞላው ዲስክ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፤ እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ የታመመችው ፒክአፗ ብቻ ናት።

የፊት ፍሬን ዲስኳ ከተቀየረ ዓመት ሳይሞላው ተበልቶ አለቀ። መካኒኩ በጣቱ ዳበስ አድርጎት፣ «ዕቃው ጥፋት የለበትም፤ የሚነዳት ሰው እግሩን ከፍሬን አያነሳም» አለ። አባባን ታውቀው የለ? ቁልቁለቱን በማርሽ ብቻ እየወረደ፣ ፍሬን የሚያበዛውን ሁሉ «ፈሪ» የሚል ሰው! ወደ እኔ ዞሮ «እሷ ናት የምትነዳት» አይል መሰለህ! እኔ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ግን ምን ልበል፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። መካኒኩ መከረኝ፤ አባባም አብሮ መከረኝ።

አብሬው ስሄድ ጥላ ባየ ቁጥር ፍሬን ይረግጣል። «መንገዱ ተበላሽቷል» ይላል። ትናንት የግቢያችን በር ላይ ቆሜ ስጠብቀው ክላክሱን አንባርቆ፣ «ሴትዮ፣ ዞር በይልኝ እንጂ!» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ዛሬ አዲስ ዲስክ አስገጥሞ ብቻውን ወጥቷል። ይህን ስጽፍልህ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው።

በዓይነ ሥጋ ያገናኘን፤ ቶሎ። ስትመጣ ግን በሩ ላይ ዝም ብለህ እንዳትቆም፤ ከሩቅ ድምፅህን አሰማው።

እህትህ