እናትሽ ፊት አባባ እንዳትይኝ

ልጄ፣

ብዕሩን የያዘችው እዚህ መጦሪያ ቤት ገላችንን የምታጥበን ሠራተኛ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ጉልበቴ ቢከዳኝም አፌ ደህና ነው።

እናትሽ ገላዋን አላስነካ ብላ ከርማ ነበር። ትቧጭራለች፣ ትሳደባለች። ጸጉሯ ተቋጠረ፣ ጠረኗ ተለወጠ። ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፋት ደሜ ፈላና ሚስቴን እኔው አጥባታለሁ አልኩ። ዝም ብዬ ገብቼ ልብሷን ብገልጠው ጩኸቷ ቤቱን አናወጠው። አላወቀችኝም።

ይቺ ጸሐፊዬ ናት ያስተማረችኝ። አባባ፣ ከመንካትዎ በፊት ይንገሯት፤ የሚያጥቡትን ብቻ ይግለጡ፣ ሌላውን በፎጣ ይሸፍኑላት አለችኝ። የሠራተኛ ጋዋን አልብሳኝ ገባሁ። እማማ፣ አሁን እግርዎን ላጥብ ነው አልኳት። የገዛ ሚስቴን እማማ! እግሯን ዘረጋችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ከኔ በቀር ማንንም አታስጠጋም። ጥፍሯን እቆርጣለሁ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውልቄ እቦርሻለሁ። ጸጉሯን ሳበጥር፣ እጅህ ሻካራ ነው፣ ግን ጨዋ ሰው ነህ ትለኛለች። ከተጋባን ጨዋ ስትለኝ ገና አሁን ነው።

ባለፈው ግን ባሌ ለምን አይመጣም አለችኝ። ምን ልበላት? ታሟል አልኳት። እጄን ከነሳሙናው ያዘችና፣ በል እኔን ተወኝ፣ ሂድ እሱን እጠብልኝ፤ ኩሩ ነው፣ እጠቡኝ ብሎ አይለምንም፤ ስትላጨው አገጩ ሥር ጠባሳ አለ፣ ምላጩን ቀስ አድርግ አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ አገጬ ላይ ነበር። እሺ እማማ ብዬ ውሃውን ልደፋ ወጣሁና እዚያው ቆየሁ። ጸሐፊዋ ምን ሆነው ነው የቆዩት ትለኛለች፤ አንቺ ጻፊ አልኳት።

ልትመጪ ነው አሉኝ። ነይ። ግን እሷ ፊት አባባ እንዳትይኝ። ጋዋን ለብሶ የሚያጥባት ባሏ መሆኑን ካወቀች ታፍራለች፤ ዳግመኛም አታስነካኝም። ያኔ እኔ ምን ይቀረኛል? እንደ ማንኛውም ሠራተኛ፣ እናቴን ጥሩ ያዝክልኝ ብለሽ አመስግኚኝና እለፊ። አባትሽስ ካለችሽ፣ ሰው አግኝቷል፣ ይታጠባል በያት።

ልጆችሽ ይደጉልሽ። ስታረጂ የሚወድሽ እጅ አይጥፋ።

አባትሽ

በይ አሁን የጻፍሽውን አንብቢልኝ። ድምፅሽን ቀንሺ፣ እማማ እንዳትነቃ።