ከግርጌ የተከፈተው ካርቶን

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትልቋ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? እኔ እንኳ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ ግን በጣም ደህና ናት። ከጉልበቷ በቀር ምንም አልሆነችም፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትቆጣኛለች። መቆጣቷን ከሰማህ ስለ ጤናዋ ሌላ እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ።

እሁድ እሁድ እየተደዋወልን ይህ ደብዳቤ ከየት መጣ ትል ይሆናል። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ከአንተ ጋር ሳወራ እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ከአንተ ቀድማ ነው የምትመልስልኝ። የስልክ መልእክት እንዳልልክ፣ ስልክህ የሚውለው ልጆቹ እጅ ነው፤ አንብበው ሳይጨርሱ ለአያታቸው ይደውላሉ። ከሥራ ቦታ ሆኜ ብነግርህ ደግሞ አውቅሃለሁ፣ ደምህ ፈልቶ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግተህ ወደ እሷ ትደውላለህ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። አደራህን፣ ሳትጨርሰው ከመቀመጫህ አትነሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ሰው ቅዳሜ ቤታችን ይመጣል። አጭበርብረሽኛል ይለኛል። አላጭበረበርኩትም፣ ግን እውነቱን ስነግረው የባሰ ተናደደ። ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። ለራሴ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር። ቤት ውስጥ ደረጃ መውረድ የማትችል እናት አለችኝ።

ሆቴላችን ሊፍት የሚጠግን ሰው አለ። ስሙን ማንም አይጠራውም፣ ሊፍቱ ነው የምንለው። የሆቴሉ ሊፍት ጉድጓድ ከአንሶላ መተኮሻው ማሽን ጀርባ ስለሆነ እሱ ብሎን ሲፈታ እኔ አንሶላ ስተኩስ ጎን ለጎን እንውላለን። በምሳ ሰዓት ስልኩን እያሳየ ስለ ሐውልት ያወራኛል። ሐውልት ስልህ አደባባይ ላይ የሚቆመው እንዳይመስልህ። ክንድ የምታህል ናት፤ ክንፍ ያላት፣ ሰይፍ የያዘች ተዋጊ። አሻንጉሊት ናታ ብዬው ሊጣላኝ ምንም አልቀረው። ለአዋቂ የምትሠራ ናት አለ፤ ፋብሪካው ጥቂት ብቻ ያወጣና ያቆማል፣ ከዚያ ሰብሳቢዎቹ በስልክ በሚገበያዩበት ገበያ ላይ ይሻሙባታል። ጉዱ ምን መሰለህ፣ ካርቶኑ ካልተከፈተ ነው ውድ የምትሆነው። የፋብሪካው ማሸጊያ ከተነካ ዋጋዋ ዘጭ ይላል። የገዛት ሰው ራሱ አይከፍታትም፤ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥና ካርቶን ሲያይ ይኖራል። ታዲያ ውስጡ ድንጋይ ቢኖርስ በምን ያውቃል ስለው፣ አደጋው እሱ ነው አለኝ እየሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ምን አገባሽ ትለኛለህ። ለእማዬ ጉልበት ብዬ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ ሕንፃው ሊፍት የለውም። እዚህ ከመጣች ወዲህ የወረደችው ለሐኪም ብቻ ነው፣ እሱም በሰው ጀርባ። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ግቢውን እያየች ለማታውቃቸው ሰዎች ትጨነቃለች፤ ያ ሰውዬ ዛሬ ኮት አልለበሰም፣ ያቺ ልጅ ብቻዋን ነው የምትሄደው እያለች። ታች ያለው ክፍል ሊለቀቅ ነው ሲሉ ስሰማ ልቤ ተነሳ። ሊፍቱ መርጦልኝ ሁለት የታሸጉ ካርቶኖች ገዛሁ። አንዱ ወርቃማ ክንፍ ያለው፣ ብርቅ የሚባለው ነው። ሌላው ግራጫ ክንፍ ያለው፣ የትም የሚገኘው። ካርቶኖቹ መልካቸውም ልካቸውም አንድ ነው፣ ከጽሑፍ በቀር ሥዕል የለባቸውም። የወርቃማው ዋጋ እስኪወጣ ከአልጋ ሥር አስቀመጥኳቸው። ሊፍቱ ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል፤ ስትልኪ በሁሉም ጎን ፎቶ አንሺ፣ ደግሞም ከገበያው ውጪ ከማንም ጋር እንዳትዋዋይ ብሎኝ ነበር።

ወርቃማውን ገበያው ላይ እንዳወጣሁት አንድ ሰው ጻፈልኝ። አንደበቱ ማር ነው፤ እህቴ፣ እህትዬ ይላል። ገበያው ከሁለታችንም ላይ ኮሚሽን ይቆርጣል፣ ለምን በቀጥታ አንጨርስም አለኝ። እኔ ሞኟ እንደውም ደስ አለኝ። ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት፣ ገንዘቡን ላከልኝ። ከሥራ ስወጣ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነበርና ካርቶኑን ጥቅልል አድርጌ፣ የላኪ አድራሻ ላይ ቤታችንን ከነፎቁ ጽፌ ላክሁት። ፎቶም አላነሳሁ። ገንዘቡ እጄ ላይ ሳያድር ለታችኛው ክፍል ባለቤት ቀብድ ሆነ።

እቃው በደረሰው ቀን እህትዬ ቀረና ሌባ ሆንኩ። ፎቶ ላከልኝ። ከላይ ሲታይ ማሸጊያው ንጹሕ ነው፤ ሲገለብጠው ግን ግርጌው ተቆርጦ በሌላ ፕላስተር ተለጥፏል። ተጠራጥሮ ቢከፍተው ውስጡ ግራጫው ነው። ጋሼ፣ አንሶላው ማሽኑ ላይ እያለ ደርቄ ቀረሁ፤ ጠርዙ ተቃጥሎ ነው አለቃዬ ጮሃ ያባነነችኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሊፍቱን ነው። ያስገዛኝ እሱ ነዋ! ሰላምታ ነፈግሁት። ሲያናግረኝ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፣ ምስኪኑ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ብስኩት ገዝቶ ማሽኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

በኋላ ፎቶውን አጉልቼ ሳየው የፕላስተሩ ጫፍ ወደ ውስጥ እጥፍ ብሏል። የሚፈታው ሰው በጥፍሩ እንዳይፈልግ ተብሎ የታጠፈ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፣ አንተም ታውቃታለህ። ወደ ሥራ ቦታህ ልትሄድ ስትል ሻንጣህን ስንቴ ፈትታ እንደቋጠረችው አትረሳውም መቼም። ካልሲህን ሳይቀር አንድ በአንድ ገልብጣ አይታ፣ ሰው አገር ቀዳዳ ይዞ አይኬድም ብላ።

እንደዋዛ ጠየቅኋት። ምንም አላፈረችም። ሰው ቤት የሚሄድ እቃ ሳይታይ ይሄዳል እንዴ አለችኝ፣ ተሰባብሮ ቢሆንስ፣ ልጄን ሌባ ላስብላት? እኔ ሥራ በሄድኩበት ሁለቱንም ካርቶን ከአልጋ ሥር ስባ አውጥታለች። ከላይ ውበቱ እንዳይበላሽ ብላ በግርጌው ከፍታለች። ሐውልቶቹን ጠረጴዛ ላይ አቁማ በሳሙና ውኃ ወልውላ፣ አድርቃ፣ መልሳ ከታለች፤ መነጽሯን አላደረገችም፣ ብታደርግም ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አታነበውም። ከእግራቸው ሥር ደግሞ የቀለም ቆሻሻ ነበረባቸው፣ ፍትግ አድርጌ አስለቀቅኩልሽ አለችኝ። ቆሻሻ ያለችው የፋብሪካው ቁጥር ነው። የእውነተኛው ምልክት እሱ ነው፣ ያለ እሱ ማንም አያምንም።

የቀረውን ካርቶን እፊቷ ከፈትኩት። ወርቃማው ክንፍ ብልጭ አለ። እንዲያ ጸድቶ፣ እንዲያ አምሮ፣ ከዋጋው ግን ምንም አልቀረለትም። እማዬ ፊቴን እያየች ምስጋና ትጠብቃለች። ምን ልበላት? ጎበዝ አልኳት።

ለሰውዬው እውነቱን ጻፍኩለት። እናቴ ናት፣ ለአንተው አስባ ነው፣ ትክክለኛውን ልላክልህ፣ ገንዘቡንም ቀስ እያልኩ እመልሳለሁ አልኩት። አሁን ደግሞ እናት ፈጠርሽ አለኝ። እኔ የገዛሁት የታሸገ ነው፣ የታጠበ አይደለም አለ። እውነት ብሏል እኮ፣ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ! በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም። የገበያው ሰዎች ጋ ብጽፍ ከእኛ ውጪ የተዋዋላችሁት አይመለከተንም አሉኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ሁሉንም ሰማኝና፣ ታዲያ ከሳሹ አንቺ ነሽ ወይስ እሱ ብሎ ጠየቀኝ። ቤትሽ ድረስ ከመጣ ደውይ አለኝ። በማግስቱ ሰውዬው የሕንፃችንን መግቢያ ፎቶ ላከልኝ፤ የተሰበረው ደወል፣ የእኛ ጎረቤት ብስክሌት፣ ሁሉም ይታያል። ምንም አልጻፈበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ስወጣ የእግር ኮቴ ከሰማሁ ቆሜ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ ገብቼ እማዬን እስካያት ድረስ ጫማዬን አላወልቅም።

የባሰው ግን ማክሰኞ ዕለት ነው። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ልብስ ላሰጣ ሰገነት ወጥቼ ስመለስ እማዬ ስልክ እያወራች ነው። እሱ ነው! ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ለልጅሽ ንገሪያት ብሏታል። እሷስ ምን ብትለው ጥሩ ነው? ና ልጄ፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ እያረፍክ ውጣ ብላዋለች። ማን ነው ስትለኝ ከሥራ ቦታ የማውቀው ሰው ነው አልኳት። ድምፁ ጥሩ አይደለም፣ የሚያበላው ያጣ ሰው ድምፅ ነው አለችኝ። ካሁኑ የአልጋ ልብሱን አስቀይራኛለች፣ ምን እንደምናበላው ታሰላስላለች። ጎረቤት ቤት ዋይ ብዬ ብለምናት ሞቼ እገኛለሁ አለች። እንግዳ ጠርቶ ቤት ጥሎ መሄድ የማን አገር ወግ ነው ብላ ተቆጣችኝ። እውነቱን እንዳልነግራት ደግሞ ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዋ ልጄን ያስወነጀልኩ እኔ ነኝ ብላ ስትብሰለሰል ማየት አልችልም። እሷ እኮ ሌባ እንዳልባል ብላ ነው የከፈተችው።

ሊፍቱን ይቅርታ ጠይቄ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ የሚጠግን መስሎ እቀመጣለሁ ብሏል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ምን ሊጠግን እንደሆነ እንጃለት። ቀጭን ነው፣ ቢገፉት የሚወድቅ ሰው ነው። ቢሆንም አለሁ ማለቱ አስለቀሰኝ። እኔም ከአለቃዬ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ቤት ነኝ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ቅዳሜ አልፏል። የሆነው ሁሉ ሆኗል፣ አንተም ልታስቀረው አትችልም። እኔም አስቀርልኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ ከእኔ ሌላ አንድ የሥጋ ዘመድ ይወቀው ብዬ ነው። አንብበህ ስትጨርስ ደውል። እማዬ ካነሳች ስለ ካርቶን ትንፍሽ እንዳትል። እንግዳሽ እንዴት ነበር ብቻ በላት። በላ፣ ጠጣ፣ እንዲህ አለኝ እያለች ማውራት ከጀመረች ይህን ወረቀት ቀድደህ ጣለው። አልመጣም ካለችህም ተመስገን በል። ዝም ካለችህ ግን፣ ወይም ስልኩን ማንም ካላነሳው፣ ምንም ሳትጠይቅ ና። ቁልፍ ታች ያለው ልብስ ሰፊ ጋ አስቀምጬልሃለሁ፣ ወንድሟ ነኝ በለው፣ መልክህን ነግሬዋለሁ።

ለባለቤትህ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ለትልቋ፣ አፏን ሳትሸፍን እንድትስቅ አክስትሽ ብላሻለች በላት። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፣ ለየብቻ ሳማቸው፣ አለዚያ ይጣላሉ። ለአማትህም ሰላም በልልኝ። እማዬም ሰላም ብላችኋለች ብዬ እንዳልጽፍ መጻፌን አታውቅም፤ ግን ሁሌም እንደምትላችሁ ታውቃላችሁ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በምሳ ሰዓት
ሐሙስ፣ ኅዳር ወር