ካልተሾመች አንቀመጥም

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ብርዱ ለጉድ ነው። መኪናዋ ሦስቴ አኩርፋ በአራተኛው ተነሳች። አመሏ የኔው ነው።

ሥራ ቦታ ወሬ አለ። ሱፐርቫይዘራችን ሊለቅ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ኦኮቶክስ ቤት ገዝቶ እዚያው ሥራ አግኝቷል። ይቅናው... ስልኩ ላይ ከማፍጠጥ በቀር ክፋት የለውም።

እዚህ ካናዳ፣ የሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመቴ። አምስት ሱፐርቫይዘር መጥቶ ሄዷል። አምስቱም ነጭ። ታች አንሶላ የምናጥበው ደግሞ ሐበሻ፣ ፑንጃቢ፣ ፊሊፒኖ። ለመሆኑ ሱፐርቫይዘር ከየት ነው የሚመጣው? አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ ቆሞ እናገኘዋለን። እንደ በረዶው፣ ሌሊት ወርዶ ያድራል።

ማድረቂያው ጋ አብራኝ የምትሠራው ማኑ "አንቺ ለምን አትሆኚም?" አለችኝ። ሳቅኩባት።

እፈልገዋለሁ እንዴ? ... እፈልገዋለሁ። በጣም።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ሰፈራችን ካስልሪጅ፣ የቅዳሜው ስብሰባችን። ያስጀመረችው ልጄ እልልታ ናት። ስለ ጥቁሮችና ነጮች የገቢ ልዩነት አንድ ጥናት ይዛ መጥታ ስታነብልን፣ ጋሼ ተስፋዬ "ይሄን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?" ብለዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ጡረተኛ ናቸው፤ የሰፈሩን ሰው ያጋቡትም ያስታረቁትም እሳቸው ናቸው።

የስብሰባው ደንብ አንድ ነው። የሥራ እድገት የሚፈልግ ሰው ብቻውን አይጠይቅም፣ ሁላችንም እንሰለፍለታለን። ዛሬ ተራው የኔ ሆነ። ለልምምድ እልልታ አለቃ ሆና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ኦኬ ማም፣ ስለራስሽ ንገሪኝ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።"

"ኖ! ጎበዝ መሆንሽን ንገሪኝ።"

"እሱን እንግዲህ ያየ ሰው ይናገር እንጂ..."

"ማም፣ ሲሪየስሊ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ሰው እንዴት በገዛ አፉ "ጎበዝ ነኝ" ይላል? እናቴ ብትሰማኝ ምን ትለኝ ነበር?

ጋሼ ተስፋዬ ግን አልሳቁም። "ልክ ናት። ሰው ራሱን አያሞግስም። ሽማግሌ ለምን ተፈጠረ?" አሉና ጎናቸው ወደተቀመጡት ጋሼ ጋይም ዞሩ። ጋሼ ጋይም አስመራ አስተማሪ ነበሩ፤ ዛሬም ክራቫት ሳያስሩ ዳቦ ለመግዛት አይወጡም። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጋሼ፣ በማርያም እንዳያደርጉት!" አልኩ።

"ምኑን?" አሉኝ።

አባባላቸው አላማረኝም።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ሺፍት ነበረኝ። እልልታ ጠበሉን በውሃ ፕላስቲክ አምጥታ ኪችን ውስጥ ረጨችኝ። ቀዘቀዘኝ፣ ደስም አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

መጡ።

የትራስ ልብስ ከማሽን እያወጣሁ ማኑ እየሮጠች መጥታ "ሎቢው ውስጥ ያንቺ ሰዎች ቆመዋል" አለችኝ። ያንቺ ሰዎች? ወጥቼ አየሁ። ጋሼ ተስፋዬ በካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው። ጋሼ ጋይም በቀይ ክራቫት። ከቅዳሜው ስብሰባ ደግሞ እትዬ ፀሐይወርቅ፣ በጥበብ ቀሚስና በስኖው ቡትስ። ሴት ሽማግሌ የት ታይቶ ያውቃል? ኋላ ስጠይቃቸው "ካናዳ አይደል?" አሉኝ።

ማናጀራችን ዳግ በፈገግታ ተቀብሏቸዋል። "ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው" ይላቸዋል። ምስኪን።

"ሠርግ አይደለም። ስለ ልጃችን ስለ ደሃብ ነው የመጣነው" አሉ ጋሼ ጋይም በዚያ በአስተማሪ እንግሊዝኛቸው።

"ኦ! እባካችሁ ተቀመጡ።"

"እስክትሾም አንቀመጥም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ሻንጣ ይዞ የሚገባው የሚወጣው እንግዳ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጋሼ ተስፋዬ በአማርኛ ያወድሱኛል፣ ጋሼ ጋይም ይተረጉማሉ። ትዕግሥቴን፣ እጄን፣ አዲስ የመጣ ሁሉ ከኔ ሥራ መማሩን... እትዬ ፀሐይወርቅ ደግሞ "ሽሮዋንም ንገረው" ይላሉ።

ዳግ ጨነቀው። "ቦታው ኦፕን ነው፣ ማንም አፕላይ ማድረግ ይችላል። ለሠራተኛ ሁሉ ኢሜል ልከናል። ነገ ይዘጋል። ደሃብ ግን አላመለከተችም።"

ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

"የምን ኢሜል?" አልኩ። "ላውንድሪ የሥራ ኢሜል የለንም እኮ።"

ዳግ ማኑን አያት። ማኑም "የለንም" አለች። አንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ታዲያ ሱፐርቫይዘር እንደ በረዶው ሌሊት የሚወርደው በዚህ ነበር!

"አላወቅኩም ነበር" አለ ዳግ፣ ቀስ ብሎ።

ጋሼ ጋይም ለጋሼ ተስፋዬ ተረጎሙላቸው። ጋሼ ተስፋዬ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"አሁን አወቀ?"

"አሁን አወቀ።"

"እንግዲያውስ እንቀመጥ።"

ተቀመጡ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ጠዋት ላውንድሪ በር ላይ ማስታወቂያው ተለጥፎ አገኘነው። ለሁሉም። ቀኑም ተራዝሟል።

ምሳ ሳይደርስ ማኑ ልታመለክት ወሰነች። ከምሳ በኋላ ደግሞ ምሥራች የምትባለው ልጅ። ምሥራች! ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ፤ ማሽኑን እንዴት እንደሚጫን ያሳየኋት እኔ። ሽማግሎቹ ለኔ ብለው መጡ፣ ለላውንድሪው በሙሉ ጠይቀው ሄዱ!

ተናደድኩ። ምቀኝነት ይሆን? ነው እንጂ፣ ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ስብሰባው ላይ ምሥራችም መጣች። እልልታ "ማም፣ አንቺ አለማምጃት" አትለኝ መሰላችሁ! ጥርሴን ነክሼ አለማመድኳት። ጎበዝ ናት፣ ምን አባቷ። መጨረሻ ላይ "እትዬ ደሃብ፣ እርስዎ ቢያገኙት ደስ ይለኛል፣ ግን እኔም መሞከር ፈልጌ ነው" አለችኝ።

ምን ይባላል? "ሞክሪ" አልኳት። ንዴቴ ግማሹ ሄደ። ግማሹ አለ።

ለማን ነው ግን "መሰላችሁ" የምለው? ብቻዬን ነኝ እኮ እዚህ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ኢንተርቪው። ዳግና ሁለት ሴቶች። ወንበር አሳዩኝ።

ስለራስሽ ንገሪን። መጣ የፈራሁት... ያ ሎቢ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ ሦስት ሽማግሎች፣ ጋቢ፣ ቀይ ክራቫት፣ ስኖው ቡትስ። ለኔ ሲሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲቆሙ አላፈሩም። እኔ ነበርኩ ያፈርኩት።

"ብቆም ይሻለኛል" አልኩ።

ተነሣሁና ጋሼ ተስፋዬ እንደሚያወሩልኝ አድርጌ ጀመርኩ። "ደሃብ የምትባል ሴት አለች። ማሽን ሲበላሽ ሰው ሁሉ ወደ አለቃ አይሄድም፣ ወደ እሷ ነው። ሁለት ሰው ሲኮራረፍ የምታስታርቀው እሷ ናት። አምስት አለቃ ሥራ ስታስለምድ ቅሬታ ከአፏ አልወጣም።" አላቆምኩም። ሽሮውን ብቻ ዘለልኩት።

አንዷ ሴትዮ ግራ ገብቷት "ደሃብ... አንቺ ነሽ አይደል?" አለች።

"አዎ። እኔ ነኝ። ጎበዝ ነኝ።"

አልኩት! ጣሪያው አልወረደም።

ዓርብ፣ ጥር 29

አገኘሁት። አገኘሁት!

ማኑ አቅፋኝ ዞረች። ምሥራችም አቀፈችኝ፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። አውቀዋለሁ ያንን ዓይን። ጋሼ ተስፋዬ ጋ ደወልኩ። "እኛ ሄደን እምቢ ያለን የለም" አሉ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ቢሮ አለኝ። መስኮት የለውም፣ ወንበር ግን ሦስት አለው። የማታ ሺፍቱን የሚመራ ሊድ እንፈልጋለን። ማስታወቂያውን በር ላይ የለጠፍኩት በገዛ እጄ ነው።

ዛሬ ተንኳኳ። ብከፍት... ጋቢ፣ ክራቫት፣ እትዬ ፀሐይወርቅ። ስኖው ቡትሱ ቀርቷል፣ በረዶው እየቀለጠ ነው።

"ስለ ልጃችን ስለ ምሥራች ነው" አሉ ጋሼ ተስፋዬ፣ እንደማያውቁኝ ኮስተር ብለው።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"እስክትሾም አንቀመጥም።"

"ኧረ ጋሼ! ወረቀቱ በሩ ላይ ነው። ሰኞ ከዳግ ጋር ኢንተርቪው እናደርጋለን። ምሥራች በራሷ አፍ ትናገር።"

"ወር ከምናምን ሹመት፣ አሁን ይሄ ሁሉ ኩራት!" አሉ። ግን ከጢማቸው ሥር ሲስቁ አየኋቸው።

ለካ ምሥራች ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሰኞን አልጠበቀችም፣ ገባች። "እንዲያው እንድትለማመድ ነው" አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ሰበብ ሲፈጥሩ ማን ይችላቸዋል! ወንበር ጠቆምኳት።

"ብቆም ይሻለኛል" አለችኝ።

ሽማግሎቹን ሦስቱ ወንበሮች ላይ አስቀመጥኳቸውና እኔም ቆሜ ሰማኋት።