ከሐዲዱ ሥር ስላሉት ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች

ለተከበሩ የከተማችን ውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ከቢሮዎ ደጃፍ ቀን ከሌት የሚፈሰው ፏፏቴ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሲነጋ እነሣለሁ፣ ክፍል ገብቼ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ። ታላቅ እህቴ ልብስ በምትሰፋበት ሱቅ ውስጥ በእሳት ከሞተች ወዲህ ከዚህ ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በቁጣ የተጻፈ እንዳይመስልዎ በትሕትና እለምናለሁ፤ ቁጣ ጉልበት ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። ከማጠራቀሚያው የሚነሡትን ሁለቱን ቧንቧዎች በርሜል እስኪያስገቡ ድረስ ስላሰፉልን፣ በምረቃውም ዕለት ድንኳን ጥለው ስለጋበዙን ውለታዎ አይረሳም። የመድረኩን መጋረጃ የሰፋችው እህቴ ነበረች። አንዱ ቧንቧ በሰከንድ አሥር ባልዲ፣ ሌላው ስምንት ባልዲ እንደሚያሳልፍ ከገለጹልን በኋላ ሁለቱን ደምረው ሰፈራችን አሥራ ስምንት ባልዲ ውሃ እንደሚያገኝ ሲያበሥሩን ጭብጨባው ድንኳኑን ሊነቅለው ነበር።

ሁለተኛ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ቧንቧ ማሳለፍ የሚችለው ሌላ፣ በቧንቧው የሚያልፈው ሌላ ነው። የፊተኛውን አቅም፣ የኋለኛውን ፍሰት እንላቸዋለን፤ ፍሰት ከአቅም አይበልጥም፣ ማነስ ግን እንዳሻው ያንሳል። ውሃው ከምንጩ ተነሥቶ መድረሻው እስኪገባ በየመጋጠሚያው ይከፋፈላል፣ መልሶም ይገናኛል፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ የገባው ያህል ይወጣል፤ መጋጠሚያ ውሃ አይወልድም፣ አያጠራቅምም። የእርስዎ ሰፋፊ ቧንቧዎች ታዲያ በዚያ ሁሉ ግርማቸው ባቡር ሐዲዱ ዘንድ ሲደርሱ የሚቀበሏቸው ከሐዲዱ ሥር የተቀበሩ ሁለት አሮጌ ቧንቧዎች ናቸው፤ አንዱ ሦስት፣ አንዱ ሁለት ባልዲ ያሳልፋል። ሦስትና ሁለት አምስት ነው። እላይ ውቅያኖስ ቢያስቀምጡልንም አምስት ነው።

ሦስተኛ፣ ይህን ከአደጋው በፊት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ማስረዳቴን ምናልባት አልሰሙ ይሆናል። ካርታው ላይ ማጠራቀሚያውን ከወዲያ፣ ሰፈራችንን ከወዲህ የሚለይ መስመር ያስምሩ፤ መስመሩን ተሻግረው ወደኛ የሚመጡትን ቧንቧዎች አቅም ይደምሩ፤ ከዚያ ድምር በላይ አንዲት ጠብታ አትሻገርም። በማጠራቀሚያው ደጅ ቢያሰምሩ አሥራ ስምንት፣ በሐዲዱ ላይ ቢያሰምሩ አምስት ያገኛሉ። ከእንዲህ ዓይነት መስመሮች ሁሉ ትንሹ ድምር ስንት እንደሆነ ካወቁ፣ ሊደርሰን የሚችለው ትልቁ ፍሰትም ልክ ያው ነው። እርስዎ ያሰመሩት ድንኳኑ በተጣለበት በኩል ነው፤ አልፈርድብዎም፣ ከሐዲድ ሥር ድንኳን አይጣልም። መሐንዲስዎም በጨዋ ደንብ «መምህርዬ፣ ውሃ መንገዱን አያጣም፤ እኛ ብቻ ከላይ እንግፋው» ብሎ ሸኝቶኛል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አራተኛ፣ ስለ እሳቱ። የተነሣው ከሱቁ መግቢያ፣ ከካውያው አጠገብ ነው፤ እህቴ ከጓዳ ነበረች፤ የጓዳው መስኮት ብረት አለው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳይዘገዩ መጥተዋል፤ ምስጋናዬ ለነሱ ከልብ ነው። በመኪናቸው የያዙትን ውሃ ሲረጩ እሳቱ ወደ ግድግዳው ሸሸ፣ የጓዳው በርም ታየን፤ እህቴ በሩን ከውስጥ ስትደበድብ ሰምቻለሁ። የመኪናው ውሃ አለቀና ከመንገዱ ዳር ካለው ቧንቧ ቀጠሉ። የውሃ ጎማቸው አንዴ ተነፋ፣ ከዚያ ሟሸሸ። አንዱ ሠራተኛ ጫፉን ይዞ «ኧረ በፈጣሪ! ይሄ ነገር ውሃ ነው የሚሰጠን ወይስ እየተነፈሰ ነው?» ሲል ጮኸ። እኔ መልሱን አውቀው ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ በየቤቱ ቧንቧ ከፍቶ ባልዲ እየሞላ ነበርና አምስቱን ባልዲ ተካፍለነው ነበር። እሳቱ ተመለሰ። ድብደባው ቆመ።

አላለቀስኩም፤ እስካሁንም አላለቀስኩም። ሰዎች ሆዱ ጠንካራ ነው ይሉኛል፣ እኔ ግን ሆዴን ከነጭራሹ አላገኘሁትም።

አምስተኛ፣ ከአደጋው በኋላ ከማጠራቀሚያው ሦስተኛ ሰፊ ቧንቧ፣ ያውም ባለ አሥር ባልዲ፣ ማስቀበር መጀመርዎን በምስጋና ተመልክቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ የእርስዎ ግን ከጮኸም ጅቡ ባልሄደበት በኩል ዞሮ ነው። ድምርዎ ሃያ ስምንት ይሆናል፣ የእኛ አምስት። ከተቃጠለው ሱቅ ቀጥሎ ያለው አናጢ ዛሬም ሰጋቱራውን ደጁ ላይ ይከምራል፤ ከፎቁ ላይ ልጆቹ ይተኛሉ። ሐዲዱ ሥር ይቆፈርልን ዘንድ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ሰፋፊ ዕቅዶችዎን ከሐዲዱ ወዲህ ሆኖ በቀጭኑ የሚቀበል፣ ለደጅዎ ፏፏቴ ረጅም ዕድሜ የሚመኝ፣ ምንጊዜም ታዛዥዎ፣

የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም፣ የሒሳብ መምህሩ

ተጨማሪ፦ አዲሱን ቧንቧ በእህቴ ስም ሰይመው ማጠራቀሚያው ዘንድ የእብነ በረድ ጽላት ሊያቆሙላት እንዳሰቡ ሰማሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጽላቱን ግን ከሐዲዱ ሥር፣ ባለ ሁለት ባልዲው ቧንቧ ላይ ያስቀምጡልኝ። ያኔ ቢያንስ እሱን ለመትከል ስትሉ ትቆፍራላችሁ።