ከተራራ ወርጄ የባሕር መሪ ስለሆንኩበት ቅዳሜ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የቀዘፋና የእግር ጉዞ ክበብ ፕሬዚዳንት
ለክቡር ፈርገስ ሆልብሩክ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በዚህ ውርጭ ቁምጣ ለብሰው ሲንጎራደዱ የማያቸው ጉልበቶችዎስ እንደምን ከርመዋል? በተለይ ጫማው ጭቃ ውስጥ የቀረበት ግራ እግርዎ ደርቆና ሞቆ እንዲኖር ዘወትር ምኞቴ ነው።

እኔ አካኒሲ ናዋንጋ፣ ለአንድ ሴሚስተር ከፊጂ የመጣሁ የአፈር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሦስት ጊዜ ወደ ክበቡ ቢሮ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ለጉዞ ወጥተው ስለነበር፣ ይህንን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ክበብዎ ስለ ፑኬማታ ወሽመጥ የቀን ጉዞ ባወጣው የአደጋ ሪፖርት ላይ «ባሕርን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቅ የደሴት ተወላጅ» የሚል ማዕረግ ስለሰጠኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አባቴ ሲሰማ በጣም ስቋል። ጎደሬና ዝንጅብል ገበሬ ነው፤ ራሱ ባሕርን ያየው አራት ጊዜ ነው።

ቅሬታዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ፤ ክበብዎ ቅጽ እንደሚወድ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛው መሪ ከአልጋው መነሣት ስላቃተው፣ እርስዎ በጀርባው «መሪ» ተብሎ የተጻፈበትን ቀይ ሰደርያ ይዘው በአሥራ አንዳችን መካከል ሲመላለሱ ቆይተው እኔ ፊት ቆሙ። የመጣሁት የአገሩን ልጆች ለመተዋወቅ፣ ሳንድዊች ለመብላትና ከተቻለ ሳልሰምጥ ለመመለስ ብቻ ነበር። ባሕር አላውቅም አልኩዎት።

«ፊጂ ደሴት አይደለች እንዴ?» አሉኝ።

«ደሴት ናት። ግን የኛ መንደር ተራራ ላይ ነው። ባሕሩ ጋ ለመድረስ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በአሥራ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መርከብ ላይ ወጥቼ መምህሬ ላይ አስመልሼበታለሁ።»

«አየሽ፣ ትሕትናሽ ደግሞ» ብለው ሰደርያውን አለበሱኝ። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ ለጓደኛዋ፣ እነሱ እኮ ሙያ በልብ ነው የሚሉ ሕዝቦች ናቸው ስትላት ሰማሁ። እኔ ግን ሙያው በልቤም አልነበረም። ይህንንም ሁለት ጊዜ ደግሜ ተናገርኩ፤ በተናገርኩ ቁጥር ክብሬ ጨመረ።

ሁለተኛ፤ በስድስት ታንኳ ተከፋፍለን ወሽመጡ መካከል ካለችው የአሸዋ ደሴት ደርሰን ምሳ በላን። ምሳው ለአንድ ሰዓት ተብሎ ፎቶ ለመነሣት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በመካከሉ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ በታላቅ አክብሮት፣ ባሕሩ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም አየሁትና «ሰማያዊ ነው» አልኩ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ሪፖርትዎ ላይ ግን «መሪዋ የባሕሩን ሁኔታ መርምራ መልካም መሆኑን አረጋግጣለች» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ የትርጉም ችሎታ እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ትንሽ ይከብደዋል፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ያን ያህል አያስቅም። ወደ ታንኳዎቹ ስንመለስ ባሕሩ አልነበረም። ሸሽቶ ሄዷል። ከእኛ እስከ ማዶው የብስ ድረስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጭቃ ብቻ ተዘርግቷል፤ ታንኳዎቹም ወይ ፍንክች አሉ። እርስዎ፣ ቀጥ ብለን በእግር እንሻገራለን ብለው አዘዙና ቀድመው ገቡ። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ግራ እግርዎ እስከ ታፋዎ ሰመጠ። ለማውጣት በታገሉ ቁጥር ቀኙም ተከተለው።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ልናገር። እኔ ባሕር አላውቅም፤ ጭቃ ግን አውቃለሁ። ያደግሁት ውሃ በሚተኛበት የጎደሬ ማሳ ውስጥ ነው፤ የማጠናውም አፈር ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ታንኳቸው ላይ በሆዳቸው ተኝተው በእግራቸው እየገፉ እንዲንሸራተቱ ነገርኳቸውና እኔ ወደ እርስዎ በደረቴ ተሳብኩ። አይታገሉ ብዬ፣ ወደ ኋላ አስተኝቼዎት፣ በእጄ እግርዎ ዙሪያ ውሃ እንዲገባ ስቆፍር፣ ከወሽመጡ አፍ በኩል እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ባሕሩ እየተመለሰ ነበር። ሁለታችንም ሰማን። እርስዎ ክንዴን እንደ ሕፃን ልጅ ጨብጠው ያዙኝ።

«እናቴ ጋ ይደወላል?» አሉኝ።

«እግርህን ነቅንቅ፤ አትሳብ፤ ነቅንቅ ብቻ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ድምፄ የሰከነው ለእርስዎ ስል ነው። መዋኘት አልችልም፤ ውሃው ቢደርስብን መጀመሪያ የምሄደው እኔ እንደነበርኩ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ትቼዎት ለመሄድ አንድ ጊዜ አስቤያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ጫማዎ ቀረ፤ እግርዎ ወጣ። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ሲደርስ እትዬ ናይሪ ጭቃው የሚጠነክርበትን መሥመር ይዘው በትራክተራቸው መጡ። እትዬ ናይሪ ዳር ላይ ዛጎል ሲለቅሙ የዋሉ፣ እዚያው ወሽመጥ ዳር ሰባ ዓመት የኖሩ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ወገን የሆኑ እናት ናቸው። ገመድ ወርውረው ሁላችንንም ከነታንኳችን ጎትተው አወጡንና ከትራክተሩ ሳይወርዱ ቁልቁል ተመለከቱን።

«ይህ ባሕር በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመጣል። ሰዓቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ተለጥፏል። ማነው መሪያችሁ?»

አሥራ አንድ ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ። ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ ገና ጭቃው ያልደረቀው፣ የእርስዎ ነበር። አራተኛው ቅሬታዬ ይኸው ጣት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

እትዬ ናይሪ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ሰደርያው የኋላው የፊት ሆኖ ተገልብጦ ነበር የለበስኩት። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ባሕር የምታውቂ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ» አሉና ትራክተራቸው ላይ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። የሱፍ ካፖርታቸውንም አውልቀው አለበሱኝ። ያለቀስኩት እዚያ ነው፤ በትራክተሩ ጩኸት ምክንያት ማንም አልሰማም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ አያውቁ ይሆናል። ሪፖርትዎ ለነጻ ትምህርት ዕድል ቢሮዬ ግልባጭ ተደርጎለት ስለነበር በአራተኛው ቀን ተጠራሁ። የሰውን ሕይወት በቸልተኝነት አደጋ ላይ የጣለ ተማሪ ዕድሉን አጥቶ ወደ አገሩ ይመለሳል የሚል ደንብ አለ፤ ለቅድመ ጥንቃቄ አነበቡልኝ። ኃላፊዋ፣ የባሕር ልምድሽ ስንት ዓመት ነው ብለው ጠየቁኝ። ያችን ቅዳሜ ጨምረን አንድ ቀን ይሆናል አልኩ። ካርታ አውጥተው መንደሬን ፈለጉ፤ ፈልገው ፈልገው ተራራ መካከል አገኙት። ያም ሆኖ፣ የተጻፈ ሪፖርት የሚሽረው የዓይን ምስክር ነው አሉኝ። አሥሩን ጓደኞቼን ጠየቅሁ። ሁሉም ያን ሳምንት ፈተና እንደነበራቸው ነገሩኝ።

እትዬ ናይሪ ግን ፈተና አልነበራቸውም። ስደውልላቸው የሁለት ሰዓት መንገድ ነድተው መጥተው፣ በጭቃማ ቦት ጫማቸው የቢሮውን ምንጣፍ ረግጠው፣ ያዩትን ሁሉ ቆመው ተናገሩ። ጉዳዩ ተዘግቷል፤ እስከ ሰኔ ድረስ እዚሁ ነኝ። ይህን የምነግርዎ ደስ እንዲልዎ ብዬ ነው።

እንግዲህ ከክበብዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሪፖርቱ ላይ «ባሕርን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቅ» የሚለው ተሰርዞ «ባሕር እንደማታውቅ ሦስት ጊዜ የተናገረች» ተብሎ ይታረምልኝ። እግር ስለማውጣቱ እንዲጻፍልኝ አልጠይቅም፤ እናትዎ ሊያነቡት ይችላሉ።

ሳይጠይቁ የሚያውቁ፣ ሳያውቁ የሚመሩ፣ መርተውም የማያስፈልጋቸውን ኃላፊነት ለእንግዳ የሚለግሱ መሪ ዕድሜያቸው ይርዘም እያልኩ፣ ከጭቃው ማዶ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አካኒሲ ናዋንጋ
የአፈር ሳይንስ ተማሪ፣ የቀድሞ የባሕር መሪ (ለስድስት ሰዓት ያህል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የምለጥፍበትን ቦታ ለማየት ከትናንት ወዲያ ስመጣ እዚሁ ሰሌዳ ላይ የሚቀጥለው ወር የፈረስ ጉዞ መሪ ከሞንጎሊያ የመጣው ተሙሌን መሆኑን አነበብኩ። ትናንት ልብስ ማጠቢያው ክፍል አግኝቼ ጠየቅሁት። የጥርስ ሐኪም ልጅ ነው፤ ያደገው አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የፈረስ ጠጕር ያስነጥሰዋል። በኋላ «አላስጠነቀቀችንም» እንዳይባል ከወዲሁ በጽሑፍ አስታውቄያለሁ።