አባባ ከቤሩት ሰዎች ጋር የረገጡ ዕለት

ለምወድሽና ዘወትር ለምትናፍቂኝ እህቴ ለሙሉነሽ ደገፋ፦

አካም ጅርታ እትዬ? እንዴት ነሽ፣ ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን የሚያምሽ ተሻለሽ ወይ? ብርዱስ ለቀቀላችሁ? የማዳምሽ ጠባይ እንዴት ሰነበተ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳልጽፍ ብዙ ነገር አለ፤ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስትደውዪ ማዳምሽ ከኋላሽ ስትጣራ እየሰማሁ ወሬው ግማሹ ጉሮሮዬ ላይ ስለሚቀር ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ብዙነሽ ልጅ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ።

መጀመሪያ የጃለታን ነገር ነግሬሽ ልብሽን ላሳርፈው። ወንድማችን ከታሰረበት በጥር መጨረሻ ተፈቷል። በታኅሣሥ ከጓደኞቹ ጋር ከመንገድ ላይ ከወሰዱት ወዲህ እማዬ እንቅልፍ የሚባል አታውቅም ነበር። አሁን ይበላል፣ ይስቃል፤ ብቻ በራችን ላይ መኪና ሲቆም ማኘኩን ያቆማል። መሬታችንን ወደ አዲስ አበባ የሚጠቀልለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ሰምተናል። ከእርሻችን ጫፍ የተተከለው ችካል ግን እስካሁን እንደቆመ ነው፤ ነቅለን እንዳንጥለው እንፈራለን፣ እንዳንተወው ያቃጥለናል። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

የምጽፍልሽ ዋናው ነገር ግን የአባባ ነው። አንቺ ስትደውዪ አባባ ከብት ሊያዩ የሚወጡት ከብት ጠፍቶባቸው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ከደላላው ጋር ተነጋግረሽ ሳትሰናበቻቸው ቤሩት ከሄድሽ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ የአረብ ስም በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ሬዲዮኑ የአረብኛ ዜማ ካሰማ ጣቢያ አይለውጡም፤ ሬዲዮኑን ነው የሚያጠፉት። እንግዲህ እኚህ ሰውዬ ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ምን እንደሆኑ ስሚ።

ዓይናቸው ላይ የነበረው ሞራ ከተነሳላቸው ወር ሆኗል። ቅዳሜ ለቀጠሮ ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ በጣም ጥሩ ነው ብሎ ጥቁር መነጽር አድርገው እንዲሄዱ አዘዛቸው። ሲመለሱ አባባ በመነጽራቸው ጎርደድ ጎርደድ እያሉ አንድ ሹፌር ይመስሉ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ አየር ጤና ስንደርስ ወደ ሰበታ የሚጭን ታክሲ የለም። ረዳቶቹ፣ ዓለም ገና ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ማንም አያልፍም አሉን። ፀሐዩ ያነድዳል፣ አባባ እግራቸው ዝሏል፣ የሚቀመጡበት ጥላ የለም። ከታች ካለው ሜዳ ደግሞ የከበሮ ድምፅ ይመጣል።

ወረድን። መግቢያው ላይ የቆመው ወጣት፣ "ግቡ ፋዘር፣ በነፃ ነው፤ ነገም አለ" አላቸው። አባባ፣ "በነፃ የሚሰጥ ነገር መጨረሻው አያምርም" አሉና ገቡ። ከመድረኩ በላይ በትልቁ የተጻፈውን እኔ አነበብኩት፤ የዘመኑ የአረብ ሙዚቃና ዳንስ፣ ቅዳሜና እሁድ ይላል። ለአባባ ግን አላነበብኩላቸውም። ኃጢአት ከሆነ ይቅር ይበለኝ፤ መቀመጣቸውን ነው የፈለግኩት።

እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ሆዷ እንደ ቅል የተነፋ፣ ክራር የምትመስል ነገር ታቅፎ ይመታል። አጠገቡ ያለው ጎረምሳ ኮምፒውተር ዘርግቶ ከውስጡ ዝናብ የሚመስል ድምፅ ያወጣል። አባባ፣ "ማሽኑም ይዘፍናል እንዴ?" አሉኝ። እኔ ሁለቱ ይጣላሉ ስል ሁለቱ ይመላለሳሉ፤ ሽማግሌው ይጠይቃል፣ ማሽኑ ይመልሳል። ቀጥሎ ስምንት ሰዎች፣ ሴትም ወንድም፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡና ምድሩን መርገጥ ጀመሩ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ፣ አንድ እግር እንጂ አሥራ ስድስት እግር አይመስልም። የተቀመጥንበት ሣር ከሥራችን ተንቀጠቀጠ።

አባባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ረገዳ ነው እኮ! ገለቴ፣ ረገዳ ነው! አየሽ ትከሻውን? ተፍኪ ለሠርግ ስንሄድ ልክ እንዲህ ነበር የምንረግጠው" እያሉ ያጨበጭባሉ። አጠገባችን ያሉት ልጆች በሳቸው ይስቃሉ፣ በሳቸውም ይደሰታሉ። እኔ የአባባን ጥርስ እንዲህ ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው።

ጭፈራው ሲያልቅ ከመካከላቸው አንዷ፣ ሪም የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ማይክ ይዛ ተናገረች። ረምዚያ የምትባል የኛው አገር ሴት ወደ አማርኛ ታስተረጉማለች። "እኛ የመጣነው ከቤሩት ነው" ስትል የአባባ እጆች ለጭብጨባ እንደተነሱ አየር ላይ ቀሩ። መነጽራቸውን መልሰው "ተነሺ" አሉኝ። እስከ ዓለም ገና በእግራችን ሄድን፣ ከዚያ አንድ አይሱዙ አሳፈረን። ቤት እንደደረስን ከብት ሊያዩ ወጡ። እኔም አለቀልኝ ብዬ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ቀርቦ ሳለ አባባ ወደ ግድግዳው እያዩ፣ "ያ ነገር ዛሬም አለ ብሎ ነበር ልጁ?" አሉ። እማዬ የቱ ነገር ብትላቸው፣ "ረገዳው" አሉ። እማዬ እኔን አየችኝ፣ እኔ ወጡን አየሁ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር። እማዬ፣ "እናንተ ሂዱ፤ ጃለታ ግን ከግቢ አይወጣም" ብላ ሸኘችን።

በእሁዱ ዝግጅት መጀመሪያ ከቱኒዝ የመጣ አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ አንዳች ሙዚቃ፣ በባዶ እግሩ ተወዛወዘ። የማይታይ ነገር ተሸክሞ እንደሚወድቅና እንደሚነሳ ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ሳል እንኳ አልሳለም። ከዚያ አንዲት ዘፋኝ ዘፈነች። ቋንቋውን አላውቅም፤ ድምፅዋ ሲወርድ ግን እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ። በአረብ አገር ቁጣ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፣ በስልክሽ የምሰማው እሱን ስለሆነ። እንዲህ ያለ ድምፅም አንቺ ባለሽበት እንዳለ ሳውቅ፣ እንጃ፣ ትንሽ ቀለለኝ።

ከዚያ ሪም ሕዝቡን አረጋገጡን ላስተምራችሁ ብላ ወደ ሣሩ ወረደች። መጀመሪያ ግን ምንጩን ተናገረች። ድሮ አያቶቻችን የጭቃ ጣሪያ ነበራቸው አለች፤ ክረምት መጥቶ ሲሰነጠቅ ጎረቤት ተጠራርቶ ይወጣና እጅ ለእጅ ተያይዞ ጭቃውን ይረግጠዋል፣ ጭፈራው ከዚያ መጣ ይባላል አለች። አባባ ብድግ አሉ። "ጭድ ይጨምሩበታል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" አሏት ረምዚያን። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሪም ጥያቄው ሲደርሳት እሷም ሳቀችና፣ "አዎ፣ ጭድ ይጨመርበታል" አለች። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ደቦ ነው" አሉ።

ይቀመጣሉ ስል አልተቀመጡም። መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉ፦ "ልጄ እናንተ አገር ናት። ከሄደች አምስት ዓመቷ ነው። ሰው ቤት ትሠራለች። እንዲህ ያለ ቦታ ትመጣለች ወይ?"

ረምዚያ እዚያው ቤሩት አራት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት፣ በኋላ ነገረችኝ፤ ስታስተረጉም ድምፅዋ ተቆራረጠ። ሪም ማይኩን አስቀምጣ አባባ ፊት ድረስ መጣች። "ልጅዎ ትመጣለች ብዬ አልዋሽዎትም" አለች። "አንዳንዶቹ በእሁድ ይወጣሉ፣ ብዙዎቹ አይወጡም። እኔን ከሦስት ዓመቴ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ያሳደገችኝ ብርሃነሽ የምትባል ያገራችሁ ልጅ ናት። መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣሁ ቀን ካፖርቴን ይዛ በር ላይ ቆመች። ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር፤ ነይ ግቢ ያላት ግን የለም። እኔም አላልኳትም። አሁን በር በሌለበት ሜዳ መጨፈር የምወደው ስለዚያ ነው።" ይህን ስትል ታለቅስ ነበር፣ ዓይኗን ግን ከአባባ ላይ አልነቀለችም።

አባባ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ" አሉና እጃቸውን ሰጧት። እጃቸውን እንደያዘች ከበሮው ተመታ።

እትዬ፣ አባባ ረገጡ! ሐኪሙ እንዳይጎነበሱ ብሏቸዋል፤ አልተጎነበሱም። ወገባቸው ቀጥ፣ ደረታቸው ወጣ፣ ግራ እግራቸው መሬቱን ሲመታ ከሪም አንድ ቅንጣት አልዘገየም። በሁለተኛው ዙር እንዲያውም የራሳቸውን ትከሻ ጨመሩበት፤ ከቤሩት የመጡት ልጆች ተያይተው ትከሻውን ከሳቸው ቀዱ። እኔ በአንድ በኩል ያዝኳቸው፣ ረምዚያ ከኔ ቀጥላ፣ ከዚያ የማላውቀው ሕዝብ። ከሰበታም ከቡራዩም የመጣ ነበር፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጮኻል። በዚህ ሰሞን ሰው ተሰብስቦ መጮህ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ያን ቀን ማንም አልፈራም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። "እኔ አረብ አገር ስል ጉድጓድ ነበር የሚታየኝ፤ ሰው ያለበት አገር ነው ለካ" አሉ። ከዚያ እንዲህ ቁጭ ብዬ እንድጽፍልሽ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች፣ ወገብሽን ከብርድ ሸፍኚ ትልሻለች። ጃለታ አንድ ሺህ ጊዜ ሰላም ብሎሻል፤ ፂም አውጥቷል፣ ተላጭ ብትዪው ይሰማሻል። ትንሿ እህታችን አትክልት አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ አታስታውስሽም ግን ፎቶሽን ትስመዋለች። እትዬ ብዙነሽ ከነቤተሰቧ ሰላምታዋን አቅርባለች። ላሟ ወልዳለች፣ እሷም ደህና ናት። ቸር ያሰማን፣ ቸር ያገናኘን።

የምትወድሽ እህትሽ ገለቴ ደገፋ
ሰበታ፣ የካቲት 23 ቀን 2008 ዓ.ም.

ከዚህ በታች ያለው የአባባ የራሳቸው እጅ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማሩት ስለሆነ እንዳለ ተቀበዪው፤ አላርምም አልኩ።

ሙሉነሽ። እኔ አባትሽ ነኝ። ስትሄጂ አልመረቅኩሽም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዋቅኒ ሲ ሃ ኤጉ። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። እሁድ እሁድ ያስወጡሻል ወይ? እውነቱን ጻፊልኝ። ሂጂ ብዬ አልላክሁሽም። ነይ ማለት ግን እችላለሁ።