ንጉሡ ሠ

የካቲት 3 ቀን 1990

ዛሬም ደብዳቤ ስመታ ዋልኩ። አሥራ አንድ። የታይፑ ሪባን ደርቋል... "የ" በግድ ነው የምትታየው። ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ሙፊዳ ጠሩኝ፤ የአስጎብኚ ድርጅታችን ባለቤት። "ትሩፋት፣ ከሰኔ በኋላ በታይፕ የሚጻፍ ነገር የለም" አሉ። ቀጥታ! ቀጥለው ስለ ኢንተርኔት ገጽ ማውራት ጀመሩ። የድርጅቱን ገጽ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይፈልጋሉ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ቴዎ ሳቀ። "አማርኛው አይሆንም እትዬ፣ እንግሊዝኛውን ግን..."

"እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ።

እንዴ! ከየት የመጣ አፍ ነው?

"እስከ መጋቢት 14 ሠርተሽ ካሳየሽኝ የገጹ ሥራ ያንቺ ነው" አሉ። ካልሆነስ? አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

የካቲት 5

ገባኝ መሰለኝ። ቴዎ እኛ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፊደል ጭኗል፤ እዚህ ጥሩ ይታያል። ሌላ ቦታ ሲከፈት ግን ፊደሉ ስለሌለ ዝባዝንኬ ነው የሚወጣው። ታዲያ ፊደሉን በሥዕል ብልከውስ? እያንዳንዷን ትንሽ ሥዕል አድርጌ፣ ጎን ለጎን ደርድሬ... ሥዕል እኮ የትም ይታያል!

ቴዎ "አብደሻል" አለኝ። ይበለኝ። ማትሪክ ሳላልፍ ስቀርም "አለቀላት" ያሉ ነበሩ።

የካቲት 8

እሁድ። ቤት ኮምፒውተር የለም፤ ባለ ካሬ ደብተር ግን አለ። ደጃፍ ተቀምጬ ካሬውን በእርሳስ እያጠቆርኩ ፊደል ስሠራ ዋልኩ። ነገ ቢሮ ገብቼ ካሬውን እየቆጠርኩ እገለብጠዋለሁ። አባዬ መጥቶ አየ።

"ጥልፍ ጀመርሽ?"

"ፊደል ነው። ለኮምፒውተር።"

ጥሎኝ ገባ። እዚህ ቤት ያ ቃል አይነሳም። ሃያ ሰባት ዓመት ማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀመ ደረደረ፤ ኮምፒውተር ሲገባ አሰናበቱት። አንዴ በሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የሙሽሪትን ስም ስቶ፣ ካርዱ ታትሞ ተበተነ። ሙሽሪት እስካሁን ልጆቿን ድራ ይሆናል። እሱ ግን ዛሬም "ከታተመ በኋላ ምን ይደረጋል..." እያለ ይቆጫል።

የካቲት 14

ዘዴ አገኘሁ! ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ነው፤ አንዱ ይበቃል። ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ። ሠላሳ አምስት ፊደል ከመሥራት ተገላገልኩ።

የካቲት 15

ጉድ ፈላ። አባዬ ደብተሬን አገላብጦ ኖሯል። የገጹ ግርጌ ላይ "ያዘጋጀችው ትሩፋት ገሰሰ" ብዬ ሞክሬ ነበር።

"ይሄ ማነው?"

"አንተ ነሃ! ሌላ ማን ይሆናል?"

"እኔ በንጉሡ ሠ ነው የምጻፈው! ሁለቱም!" ደብተሩን በጣቱ መታ መታ አደረገው። "እኔን እነሱ አባረሩኝ። አንቺ ደግሞ ፊደሉን አባሪ!"

አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ስንቱን ልቻል?

የካቲት 19

አይናገረኝም። እኔም አልተናገርኩትም። ሥራዬን እሠራለሁ።

የካቲት 24

ሞከርነው። ሳሪስ፣ የወይዘሮ ሙፊዳ ጓደኛ ቢሮ ሄደን ገጹን ከፈትነው... ማለቴ ሊከፈት ሞከረ። ከመቶ በላይ ሥዕል በስልክ መስመር አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ፣ ግማሽ ላይ ስልኩ ተቋረጠ። ደግመን ብንሞክርም ያው። ቴዎ "እስኪከፈት ፋሲካ ይደርሳል" እያለ ተንከተከተ።

እስከ ቤታችን፣ ላፍቶ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ጠፍቶ አይደለም። ሰው ፊት አላለቅስም ብዬ ነው።

የካቲት 29

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬ በድንገት "የጨ እግሯ ጠሟል" አለ። ደብተሩን ደግሞ አይቶታል ማለት ነው! ሳቄ መጣ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ መንቀርፈፉን፣ መቋረጡን፣ የቴዎን ሳቅ።

"ቆይ፣ ቃሉን ሁሉ ፊደል በፊደል ነው የምትለቅሚው?"

"አዎ።"

"አይ ልጄ! የሚመላለሰውን ቃል እኛ አንድ ላይ አስረን እናስቀምጥ ነበር እኮ። ኢትዮጵያን ለማለት ማን አምስት ጊዜ ይለቅማል?"

ኧረ እኔን! አንድ ቃል፣ አንድ ሥዕል። መንገድ ላይ ቆሜ አቀፍኩት።

"ንጉሡ ሠ ግን ይመለሳል" አለ።

"ይመለሳል።"

"ሌሎቹም።"

"ኧረ ሌሎቹም፣ አባዬ!"

መጋቢት 14

ተከፈተ! እዚያው ሳሪስ፣ በዚያው ስልክ! ወይዘሮ ሙፊዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ አንብበው ሲጨርሱ "በይ፣ ሥራው ያንቺ ነው" አሉኝ። ስንወጣ ቴዎ በር ላይ ያዘኝና "ቃሉን እንዴት እንዳሰርሽው አሳዪኝማ" አለ። አሳየዋለሁ። ትንሽ ካስለመንኩት በኋላ።

መጋቢት 19

ሰኔን እንኳ ሳይጠብቁ ታይፑን ወደ መጋዘን ወሰዱት። እውነት ለመናገር ከፋኝ።

አባዬ ቢሮ መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ መነጽሩን ይዞ። ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ስሙ ጋ ደረሰ። ገሠሠ። ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ወደ ላይ ተመለሰና ጣቱ ቆመ።

"ሐይቅን በሃሌታው ሀ አስገብተሽዋል። በሐመሩ ነው።"

ሞቼ ነው! ስንት ጊዜ አይቼው?

"እንግዲህ ወጥቷል። ምን ይደረጋል..." አለ። ፊቱ ጠቆረ። የሠርጉ ካርድ ነው የታየው፤ አውቄበታለሁ።

"ቆይ አባዬ።"

ሥዕሉን ቀየርኩ። መስመሩን አገናኝቼ ላክሁት። ገጹን እንደገና ከፈትኩለት። ሐይቅ።

"ከወጣ በኋላ?"

"ከወጣ በኋላ።"

"ሌላም ቦታ የሚያዩት?"

"ከአሁን ጀምሮ የሚከፍተው ሁሉ ይችኑ ነው የሚያየው።"

መነጽሩን በኮቱ ጠረገና ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋ።

"በይ ከመጀመሪያው መልሺልኝ" አለ። "አሁን ደህና አድርጌ ላንብበው።"